የበረሃ ጽጌረዳ በባሕር ዳር ክረምት እንዳትበሰብስባችሁ
(ምስል፦ በግማሽ የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፤ ውስጡ ሮዝ አበባ የፈነዳባት ተክል)

ጤና ይስጥልን። ይህቺ የበረሃ ጽጌረዳ ናት። በስሙ እንዳትታለሉ፣ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የላትም፤ እሾህም የላትም። የሳይንስ ስሟ አዴኒየም ኦቤሰም ነው። ኦቤሰም ማለት ወፍራም ማለት ነው፤ ለምን እንደተባለች ታች ተመልከቱ።

(ምስል፦ አውራ ጣት የግንዷን እግር ሲጫን)

ይህ ድንች የመሰለው እግሯ የውሃ ጎተራዋ ነው። አገሯ ቆላ ነው፤ በእኛው በረሃዎች፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በዓረብ ምድር ትበቅላለች። ዝናብ ሲመጣ ትሞላለች፤ ሲጠፋ ቅጠሏን አራግፋ ያጠራቀመችውን ትጠጣለች። በበጋ ስትጫኑት ለስለስ ካለ ጠምቷታል። በክረምት ከለሰለሰ ግን ወዮላችሁ።

ብዙ ሰው "ስንት ቀን ሳላጠጣት ትቆያለች?" ይለኛል። ባሕር ዳር ላይ የሚያሳስበው ሌላ ነው። እኛ ጋ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። ዋልካው ደግሞ የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም። እኔ የመጀመሪያዋን ግንቦት ላይ ግቢዬ መሬት ውስጥ ተከልኳት። ቡሄ ሳይደርስ ግንዷን ብነካው ጣቴ እንደ በሰለ አቮካዶ ሰርጎ ገባ።

ስለዚህ ጀሪካን። የጀሪካኑን ታች በጋለ ምስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሱት። ሁለት እጅ ሻካራ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ውሃ ስታፈሱበት ወዲያው በታች ካልወጣ አሸዋ ጨምሩ። መሬት ላይ ካልሆነ የምትሉ፣ በድንጋይ ከልላችሁ እስከ ጉልበት ከፍ ያለ የአሸዋ ቁልል ሥሩ።

በበጋ ሙሉ ፀሐይ ስጧት፤ አፈሩ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲበርድ ቅጠል ብታራግፍ አትደንግጡ፣ ውሃውን ቀንሱ። ሰኔ ሲገባ በረንዳ ሥር አስገቧት፤ ጠፈጠፍ እንዳያገኛት ግን ወደ ግድግዳው አስጠጓት።

(ምስል፦ ቢላዋ፣ ጓንት)

መበስበስ ከጀመረች ነቅላችሁ፣ ንጹሑ ነጭ ሥጋ እስኪታይ ድረስ የበሰበሰውን ቁረጡ። ጥላ ውስጥ ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል አቆይታችሁ በደረቅ አፈር ትከሏት። ጓንቱን የምር አድርጉ፦ ፈሳሿ መርዝ ነው፤ በአፍሪካ አዳኞች የቀስት ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ልጅና ፍየል ከሚደርስበት ራቅ አድርጓት።

ለማባዛት ዘር ይሻላል፤ ከቅርንጫፍ የተተከለች እንዲህ ያለ ወፍራም እግር እምብዛም አታወጣም። ፍሬዋ እንደ ጥንድ ቀንድ ነው። ሳይፈነዳ በክር እሰሩት፤ ዘሩ በሁለቱም ጫፍ ጸጉር ስላለው የጣና ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

መስከረም ሲጠባ ወደ ፀሐይ መልሷት፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያውን ሳምንት የጠዋቷን ፀሐይ ብቻ፤ አለዚያ ጥላ የለመደው ቅጠሏ ይቃጠላል።