ፈተናው ውስጥ ያልገባው ዓለም

ክቡራን ርዕሳነ መምህራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

በዓመት አንድ ቀን ግድግዳውን በባንዲራ እንሸፍናለን፤ ልጆቹ የየአገሩን ልብስ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ የምናስተምረው ያው የትናንቱን ነው። ሪፖርት ላይ ግን «ዓለም አቀፍ እይታ» ተብሎ ይሰፍራል። በዓሉን አልጠላሁም፤ ትምህርት ነው መባሉን ግን አልቀበልም!

ካርታን እንውሰድ። ካርታ ሠሪው መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው ስልት የተሠራ ካርታ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች። በእውኑ አፍሪካ 14 እጥፍ ያህል ትበልጣታለች። ይህን በቃል ነግሮ ማለፍ ከንቱ ነው። ለአራት ተማሪ አንድ የምድር ሉል ስጡ፤ ግሪንላንድን በስስ ወረቀት ገልብጠው ይቁረጡና አፍሪካ ላይ ያሳርፏት። ከዚያ ይህንኑ በግድግዳው ካርታ ይድገሙት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ መምህሩ «አታለሉን» ብሎ ይዘጋዋል። መርካቶር ያሰበው ለመርከበኛ ነበር፤ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚጓዝበት መንገድ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆንለት። ለዚህ ሲባል ወደ ዋልታዎቹ የቀረበው ምድር ተለጠጠ። ስፋትን የሚጠብቀው ካርታ ደግሞ ቅርጽን ያጣምማል። እንግዲህ ልጁ «ማን ዋሸ?» ብሎ አይቁም፤ «ለማን፣ ለምን ተሠራ?» ይበል። ይህን የለመደ ልጅ የታሪክ መጽሐፉንም አይምርም።

«ሒሳብ አገር የለውም» የምትሉ አላችሁ። የሒሳብ ሊቁ አልኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ሠራ፤ «አልጎሪዝም» (ደረጃ በደረጃ የሚሠራ የስሌት ስልት) ከስሙ መጣ ብሎ ማለፍማ ያው ባንዲራ መስቀል ነው! የእርሱን ጥያቄ አሠሩ፦ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የራሱ 10 እጥፍ ሲጨመርበት 39 ይሆናል። ጎኑ ያ ቁጥር የሆነ ካሬ ይሳሉ፤ በሁለት ተጎራባች ጎኖቹ ላይ ወርዱ 5 የሆነ አንዳንድ ሬክታንግል ይለጥፉ፤ የጎደለው ጥግ 25 ነው። ከ39 ጋር ድምሩ 64፣ የትልቁ ካሬ ጎን 8፣ 5 ሲቀነስ ቁጥሩ 3። ቀመሩን የሸመደደ ተማሪ ከየት እንደመጣ ያየዋል።

ክፍልን ከሌላ አገር ክፍል ጋር በኢንተርኔት ማገናኘትም ጥሩ ነው፤ በትውውቅ ብቻ ከተጀመረ ግን ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። የጋራ ሥራ ስጧቸው፤ የሁለቱንም የፈተና ጊዜ አስቀድማችሁ አስተያዩ፤ ሰዓቱ ካልገጠመ በድምፅ መልእክት ይሥሩ።

ፈተና አውጪዎች ሆይ! ነጥብ የሌለውን ተማሪውም መምህሩም ይዘለዋል፤ ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሁለት ካርታ ጎን ለጎን አስቀምጡና እያንዳንዱ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ከነምክንያቱ ጠይቁ። አምስት ነጥብ ስጡት። በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ይህን ጥያቄ እፈልገዋለሁ።

አመሰግናለሁ።