ወደ ደጀ ሰላም መምጣት ለማይችሉት
(ደሴ፤ በጾመ ነቢያት መግቢያ ለጽዋ ማኅበርና ለሰንበት ትምህርት ቤት አባላት የተዘጋጀ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የጽዋ ማኅበራችን እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለጾሙ በሰላም ያደረሰን እግዚአብሔር ይመስገን። መርሐ ግብሩ ስለ ምጽዋት ተናገር ይለኛል። ሰፊውን ርእስ ለመምህራኑ ትቼ ስለ አልጋ ቁራኛው ብቻ ልናገር።

ነዳያንን በማብላት አንታማም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ወገናችን በየትምህርት ቤቱ ሲያድር እንጀራ የጋገሩት እናቶች እዚሁ ተቀምጠዋል። በየበዓሉ ድንኳን ተክለን እናበላለን። ድንኳኑ ጋ የሚደርሰው ግን እግሩ የሚታዘዝለት ነው። ሆጤም ይሁን ሳላይሽ፣ ሮቢትም ይሁን ሸዋ በር፣ ስትሮክ ግማሽ አካሉን ይዞት የተኛው ሽማግሌ የመዝሙሩን ድምፅ ይሰማል እንጂ እንጀራው አይደርሰውም።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ግን ምን ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ እንቁጠርለት። ቀረበ። ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ። በራሱ አህያ ጭኖ ወሰደው፤ እርሱ በእግሩ ሄደ ማለት ነው። በእንግዶች ማደሪያ ሲጠብቀው አደረ። በማግስቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ያ በዘመኑ የአንድ ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያም “የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ” አለ። ሊመለስ ቀጠሮ ይዞ ነው የሄደው! ካህኑና ሌዋዊው ግን አይተው አለፉ። እኛ ከእነርሱ በምን እንሻላለን? እኛ ፎቶ አንሥተን ነው የምናልፈው!

ሙዝና ብስኩት ይዞ፣ ራስጌ ቆሞ “እግዚአብሔር ይማርህ” ብሎ መውጣት ለሕመምተኛው ጀርባ ምንም አይፈይድለትም። ጀርባውን ገልጣችሁ እዩ። ሰው ሳይገላበጥ ሲተኛ አጥንቱ ቆዳውን ፍራሹ ላይ ይጫነዋል፤ ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይሞታል። ከወገብ በታች ጅራት አጥንቱ፣ ዳሌው፣ ቁርጭምጭሚቱና ተረከዙ ቀድመው ይቆስላሉ። መከላከያው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ በግራ ጎን፣ በጀርባ፣ በቀኝ ጎን። አትጎትቱት፤ ሲጎተት ቆዳው ይላጣል። ከሥሩ አንሶላ አጥፋችሁ አንጥፉና ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያንሣው። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉ።

በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ በእጃችሁ ፈልጉ። ያንን ቦታ ደግሞ አትሹት! ቅቤ ወይም ቫዝሊን ይዞ ማሸት ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ግን ከቆዳው ሥር የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ያጠፋዋል። ሽንትና ሰገራ ከነካው ሳትውሉ ሳታድሩ ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቁስሉ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ።

አጥሚትም ቢሆን በተኛበት አይጋትም፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ቀና አድርጋችሁ በትንሽ ማንኪያ ስጡት፣ መዋጡን ጠብቁ፣ ካሳለው አቁሙ። ከበላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ ይቆይ።

አባቶች፣ አንድ ነገር ከእናንተ በቀር ማንም አይሠራልንም። ሕመምተኞች “ጾም ነው” ብለው ወተቱንና እንቁላሉን ይመልሳሉ፤ የቆሰለ ገላ ግን ለመዳን እንዲህ ያለ ገንቢ ምግብ ያስፈልገዋል። ሥርዓታችን በሽተኛውን እንደማያስገድደው ታውቃላችሁ፤ እኛ ብንነግራቸው አይሰሙንም። የንስሐ አባታቸው ቤታቸው ሄዶ በአንደበቱ ይፍታቸው። ጠበሉንና መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ንገሩልን። ቅዳሴውን የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለሕሙማን ቤት ሠርቷል።

አሁን የጦሳ ተራራ ብርድ ገብቷል። ከሰል ያለበትን ምድጃ ቤት ውስጥ አስቀምጦ በር ዘግቶ ማደር ይገድላል፤ ጭሱ ቢያልቅም መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ስትሰጡም በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሽባ የሆነው ጎን ሲቃጠል አይሰማውም።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይታመማሉ። ሥጋ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ሳሙና ውሰዱ።

ይህ ሁሉ በጎ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም፤ ተራ ይፈልጋል። ለአንድ ሕመምተኛ ጠዋትና ማታ ብንሄድ በሳምንት 14 ጊዜ ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ስንሄድ 28 ተራ ይሆናል። 14 ሰው ከተገኘ ለአንዱ በሳምንት ሁለት ተራ ይደርሰዋል። በመካከል ያለውን ቤተሰቡ እንዲያገላብጥ እናስተምራለን። ሁለት ተራ ከበዛብን ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን በየዓመቱ ለምን እናነባለን?

መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስማችሁን ብቻ ጽፋችሁ አትውጡ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ጻፉ። ማንሣት የማትችሉ እናቶች በሳሙናና በአንሶላ ዓምድ ሥር ተመዝገቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።