ኢንተራፕቱን ማን ከፈተው?

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። ማውራት የፈለግኩት ስለ አንድ ባግ ነው፣ በግ አላልኩም፣ ባግ፣ የፕሮግራም ስህተት ማለት ነው። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኝ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ አረፈው። ትንሽ ቴክኒካል ነው፣ ግን ኮድ የማትነኩም ብትሆኑ ቆዩ፣ ስለ መብራት ቆጣሪ የማወራበት ቦታ አለ።

ሞተር የሚቆጣጠር ቦርድ እየሰራን ነበር። ቺፑ ኤስቲኤም32 ኤፍ4 ነው፣ ውስጡ ኮርቴክስ ኤም4 የሚባል ፕሮሰሰር አለ፣ በ168 ሜጋኸርዝ ነው የምናስሮጠው። እላዩ ላይ ያለውን ሪል ታይም ከርነል፣ ማለትም ስራዎቹን በሰዓታቸው እየተራ የሚያስኬደውን ዋና ፕሮግራም፣ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አውቃለሁ፣ ፍሪአርቶስ እያለልህ፣ ዜፊር እያለልህ፣ እንደዚህ አይነት ከርነል በነፃ ተቀምጦልህ ምን አስጻፈህ ትሉኛላችሁ። መማር ፈልጌ ነበር በቃ፣ ከዛ ሰራና እዛው ቀረ፣ እንደዚህ አይነት ነገር ሁሌም "ለጊዜው" ተብሎ ነው የሚገባው።

እና ይሄ ቦርድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ደህና ይሰራል፣ ከዛ ድንገት አንዱ ታስክ፣ ማለትም ከርነሉ ከሚያስኬዳቸው ስራዎች አንዱ፣ ይጠፋል። ክራሽ የለም፣ ኤረር የለም፣ ታስኮቹ ተራ ከሚጠብቁበት ሊስት ውስጥ በቃ የለም። ከዛ ዋችዶጉ፣ ፕሮግራሙ ዝም ሲል ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳው ሰዓት፣ ዝምታውን አይቶ ሪሴት ያደርገዋል፣ እንደገና ሁለት ቀን ሰላም።

መጀመሪያ የከሰስኩት ፓወር ሰፕላዩን ነው። ካፓሲተር ጨመርኩ። ቦርድ ቀየርኩ። የሞተሩ ሽቦ ኖይዝ እያስገባ ይሆናል ብዬ ሽቦ አሳጠርኩ። ምን እየሆነ እንደሆነ ልይ ብዬ ፕሪንት፣ መልእክት የሚያወጣ መስመር፣ ስጨምር ደግሞ ባጉ ጭራሽ ይጠፋል፣ ፕሪንቱን ሳወጣ ይመለሳል፣ ልክ እንደ ጅብ፣ ባትሪ ስታበራበት የለም። እዚህ ጋ ነበር ነገሩ የጊዜ ጉዳይ መሆኑ ሊገባኝ የሚገባው፣ አልገባኝም፣ ሌላ ካፓሲተር ገዛሁ።

ኢንተራፕት ማለት ለማታውቁት፣ ሃርድዌሩ "አንዴ ስማኝ" ሲል ፕሮሰሰሩ የያዘውን አቁሞ ወደሱ ይሄዳል፣ ጨርሶ ይመለሳል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አንተ ሊስት እያስተካከልክ፣ አንዱን ፈትተህ ሌላው ጋ ሳታስር መሃል ላይ ቢመጣ እና የሚመጣው ራሱ ያንኑ ሊስት የሚነካ ቢሆን፣ አለቀልህ። ስለዚህ ኢንተራፕት ትዘጋለህ፣ ሊስቱን ትነካለህ፣ ትከፍታለህ። ኮርቴክስ ኤም ላይ ፕራይማስክ የሚባል ሬጅስተር፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ፣ አለ፣ የሚሰራው ቢቱ አንድ ነው፣ 1 ሲሆን ዝግ፣ 0 ሲሆን ክፍት። እኔም ዝጋ፣ ስራ፣ ክፈት ብዬ ነው የጻፍኩት። አርዱዪኖ ላይ የለመድኩት ነው፣ እዛ ኖ ኢንተራፕትስ ብለህ ትዘጋለህ፣ ኢንተራፕትስ ብለህ ትከፍታለህ፣ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ምንም አይልህም።

አሁን ቆጣሪው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ኤሌክትሪሺያን አስቡ። አንደኛው ቆጣሪውን አጥፍቶ ጣራ ላይ ወጥቶ ሽቦ እየቀጠለ ነው። ሁለተኛው ይመጣል፣ ቆጣሪው ጋ ይሄዳል፣ ድሮም ጠፍቶ ነው ያገኘው ግን ልብ አላለውም፣ ሶኬቱን ቀይሮ ሲጨርስ እንደ ጎበዝ ሰራተኛ ቆጣሪውን አብርቶ ይሄዳል። ያኛው ጣራ ላይ ሽቦውን በእጁ እንደያዘ።

የኔም ኮድ ይሄው ነው። የታይመሩ ፈንክሽን፣ ማለትም ሰዓት የሚቆጥረው የኮድ ክፍል፣ ኢንተራፕት ዘግቶ ሊስት እየነካ መሃል ላይ ሜሞሪ የሚመልሰውን ፈንክሽን ይጠራል፣ እሱ ደግሞ የራሱ ዝጋ እና ክፈት አለው፣ ስራውን ጨርሶ ይከፍታል፣ ታይመሩ የቀረውን ግማሽ ስራ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው የሚሰራው። የቀረው ደግሞ ወደ 40 ኢንስትራክሽን ነው፣ በ168 ሜጋኸርዝ ሩብ ማይክሮሰከንድ አካባቢ ማለት ነው። ኢንተራፕቱ ልክ እዛች ውስጥ መውደቅ አለበት፣ ለዛ ነው ሁለት ቀን የሚፈጅበት።

ያገኘሁት በዲበገር፣ ባግ በሚፈለግበት መሳሪያ፣ አይደለም። ተስፋ ቆርጬ ሊስቱን የሚነካው ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ "ኢንተራፕት ካልተዘጋ እዚሁ ቁም" የሚል አሰርት። ሁለት ቀን ልጠብቅ ተዘጋጅቼ ቡና ልጥድ ተነሳሁ፣ ጀበናው ሳይሞቅ ቆመ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያኔ ነው የነደደኝ። እኔ ሁለት ሳምንት ስጠብቅ የነበረው ግጭቱን ነው፣ ግጭቱ ደግሞ ብርቅ ነው። ስህተቱ ግን ብርቅ አልነበረም፣ ታይመሩ በዛች መንገድ ባለፈ ቁጥር እየተሰራ ነበር፣ ምናልባት በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ፣ ዝም ብሎ ማንም ስላልመጣ ነው የሚያልፈው።

ማስተካከያው ትንሽ ነው። ስትገባ ፕራይማስክን አንብበህ ያዝ፣ ዝጋ፣ ስትወጣ ያነበብከውን መልሰህ ጻፍ። ዝግ ካገኘኸው ዝግ ትተወዋለህ። ሊኑክስ ከርነል ውስጥም ዝም ብሎ የሚዘጋው አንድ ነው፣ ያለበትን ሁኔታ ይዞ የሚዘጋው ሌላ፣ ሎካል አይአርኪው ሴቭ የሚባለው። ዜፊር ስትዘጋ ቁልፍ ይሰጥሃል፣ ስትወጣ ቁልፉን ትመልሳለህ፣ ይሄኛውን አወጣጥ በጣም ነው የምወደው። ፍሪአርቶስ ደግሞ ስንቴ እንደዘጋህ ይቆጥርልህና ቆጠራው 0 ሲደርስ ብቻ ይከፍታል። አንድ ጓደኛዬ "አንብበህ እስክትዘጋ መሃል ላይ ኢንተራፕት ቢገባስ?" አለኝ። ይግባ፣ የሚገባውም ሲወጣ እንዳገኘው ትቶት እስከሄደ ድረስ ያነበብኩት ቁጥር አይበላሽም።

ታድያ እሱንም በአንዴ አልሰራሁትም። ያነበብኩትን የት አስቀመጥኩት መሰላችሁ፣ ግሎባል ቫሪያብል ውስጥ፣ ሁሉም ፈንክሽን የሚጋራው አንድ ቦታ! የውጪው ገብቶ 0 ያስቀምጣል፣ የውስጡ ገብቶ እዛው ላይ 1 ይጽፍበታል፣ የውስጡ ሲወጣ 1 ይመልሳል፣ ልክ ነው፣ የውጪውም ሲወጣ 1 ይመልሳል፣ ከዛ በኋላ ኢንተራፕት የሚባል ነገር የለም፣ ቦርዱ ድንጋይ ሆነ። ደግነቱ ወዲያው ነው የሞተው፣ በሁለት ሰከንድ፣ እንደዚህ አይነቱን ባግ ስሞ መቀበል ነው። እያንዳንዱ ፈንክሽን የራሱን ስታክ ላይ፣ ለብቻው በሚሰጠው ቦታ፣ ሎካል አድርጎ መያዝ አለበት።

ኮዱን ሁሉ ሳገላብጥ ሌላም ወጣ፣ ዘግቶ ገብቶ ኤረር ሲያገኝ ሳይከፍት ሪተርን የሚል ሁለት ቦታ። እሱን በአምስት ደቂቃ ዘጋሁት፣ ማለቴ ከፈትኩት።

ከዛ ደግሞ ቤዝፕራይ፣ ሌላው ሬጅስተር። ፕራይማስክ መደበኛውን ኢንተራፕት ሁሉ ነው የሚዘጋው፣ የሞተሩ ኢንተራፕት ግን እንዲጠብቅ አልፈለግንም። ቤዝፕራይ ላይ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ከዛ ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን ብቻ ይዘጋል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ማዕረጉ የሚበልጠው፣ ይሄ ራሱ ያጃጅላል። 5 ብዬ ጻፍኩ። ኤፍ4 ላይ ግን ፕራዮሪቲው፣ ማዕረጉ ማለት ነው፣ 4 ቢት ነው፣ የሚቀመጠውም ከላይ በኩል ባሉት ቢቶች ነው፣ ስለዚህ 5 ማለት የፈለገ 80፣ 5 ጊዜ 16፣ መጻፍ አለበት። የኔን 5 ቺፑ እንደ 0 ነው የያዘው፣ ቤዝፕራይ 0 ሲሆን ደግሞ ምንም አይዘጋም። ዘግቻለሁ ብዬ አምኜ አንዲት ኢንተራፕት አልዘጋሁም! ይሄን የያዘልኝ ያ አሰርት ነው፣ ቤዝፕራይን እንዲያይ አድርጌው ስለነበር ገና ስናበራው ጮኸ።

አብሮኝ የሚሰራው ልጅ አሁን ባጉ ከተገኘ አሰርቱን ለምን አናወጣውም፣ ጊዜ ይበላል ይለኛል። ለካሁት፣ ጥቂት ሳይክል ነው። አላወጣሁትም። ቦርዱ አሁን እዚህ መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ነው፣ ዛሬ አስራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪ ላይ ስላለ አልቆመም። ሊስቱ ውስጥ ያሉትን ታስኮች ጠዋት ጠዋት እቆጥራቸዋለሁ፣ ሰባት ናቸው። ዛሬም ሰባት ናቸው።