ለቦሌ የለበስኩት ነጭ ሱሪ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማወራው ልጁ ስለተኛ ነው። ክፍሉ እዚሁ ጎኔ ነው፤ ድንገት ካቋረጥኩ ነቅቷል ማለት ነው፣ ይቅር በሉኝ።

ሰሞኑን ሻንጣ እየሸከፍኩ ነው። ስሸክፍ አንድ ነጭ ሱሪ ከቁም ሳጥኑ ጥግ አገኘሁ። ሳየው ሳቄ መጣ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ሱሪ ነው።

ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው፣ ነሐሴ ላይ፣ ከቨርጂኒያ ዳለስ ኤርፖርት ተነስተን አዲስ አበባ ሄድን። በቀጥታ በረራ ወደ 13 ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእቅፍ መሄድ ስለሚችል ለብቻው ወንበር አልገዛንለትም። 13 ሰዓት ጭኔ ላይ ማለት ነው። እኔ ታዲያ ምን ለበስኩ? ነጭ ሱሪ። የሐር ሸሚዝ። ትልልቅ የጆሮ ጌጥ። ከፍ ያለ ታኮ ጫማ።

እብድ ናት አትበሉኝ። ምክንያት ነበረኝ። ቤተሰቤን ካየሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቦሌ ላይ ማን እንደሚጠብቀኝ ደግሞ አውቃለሁ። እናቴ፣ አክስቶቼ፣ የሰፈር ሰው፣ አበባ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ የአጎቴ ልጅ። ከአሜሪካ የመጣች ሰው በር ላይ ስትታይ ሁሉም ከእግር እስከ ራስ ያያታል። «ከሳች»፣ «ጠቆረች»፣ «ተጎሳቆለች» ለመባል አንድ ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ እኔ የለበስኩት ለበረራው አልነበረም። ለዚያች አንድ ደቂቃ ነበር።

የጆሮ ጌጡ ገና ሳንነሳ ወለቀ። ልጄ በአንድ እጁ ጎተተው፣ በሌላው እጁ ወደ አፉ ሊከተው ሲል ደረስኩበት። ከዚያ ብርቱካን ጭማቂ መጣ። መቼም ከዚህ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ግን ትልቁ ስህተቴ ጭማቂው አይደለም። ለልጁ አራት ቅያሪ ልብስ ይዣለሁ። ፓምፐርሱ፣ ሶፍቱ፣ ጡጦው፣ ብስኩቱ፣ ሁሉም በእጅ ቦርሳዬ አለ። ለራሴ ምንም! አንዲት ቲሸርት እንኳ አልያዝኩም። ሲያስመልሰው እኮ የሚያስመልሰው እኔ ላይ ነው። እሱን አጠብኩት፣ ቀየርኩት፣ ንጹሕ ሆኖ ተኛ። እኔ ቀሪውን ዘጠኝ ሰዓት የረጠበ ሐር ለብሼ ተቀመጥኩ። ሐር ሲረጥብ ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም። ባለቤቴ ቱታ ለብሶ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይተኛል። በዚያች ሰዓት ስለ ትዳራችን ያሰብኩትን አልነግራችሁም።

እግሬ ደግሞ አበጠ። ብዙ ሰዓት ቁጭ ሲባል ደምና ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ እግር ያብጣል። ይሄ የሁሉም ሰው ነገር ነው። ስናርፍ ጫማው አልገባም አለኝ። ተረከዙን ረግጬ እየጎተትኩ ወጣሁ።

ወገብ የሚያጠብቅ ሱሪም አይሆንም። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ሆድ ውስጥ ያለ አየር ይለጠጣል። ሆድ ይነፋል። እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው ግፊት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር ተቀራራቢ ነው። ቦሌ ኤርፖርት ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አስቡት፣ ሰማይ ላይ ሆነን የምንተነፍሰው አየር እናቴ ቤት ካለው ይወፍራል!

ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ግን ተምሬያለሁ። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሰፊ የጥጥ ሱሪ፣ ከላይ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ቲሸርት፣ በላዩ ላይ ሹራብ። ከላይም ከታችም አንድ ቀለም ከሆነ ቱታም ቢሆን ሆን ተብሎ የተለበሰ ይመስላል፤ ሽክ ያደርጋል። ቀለሙ ጥቁር እንዳይሆን። ወተት ጥቁር ላይ ጎልቶ ይታያል። ቡኒ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ወይ ዥንጉርጉር ነገር ይሻላል። ፀጉሬን ከሁለት ቀን በፊት ሹሩባ ተሠራሁ፤ በልጅ እጅ አይበተንም፣ ማበጠሪያም አይፈልግም። ጫማው ሳልጎነበስ የማጠልቀው ስኒከር፣ ግን ካልሲ አለው። በካልሲ ብቻ መጸዳጃ ቤት እንዳትገቡ። ወለሉ ላይ ያለው እርጥበት ውኃ ነው ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ።

አንድ ጓደኛዬ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ፣ ከኋላ ዚፕ ያለው ልብስ ለብሳ ከልጇ ጋር ተሳፈረች። በዚያች ጠባብ መጸዳጃ ቤት ሙሉ በሙሉ ልብሷን አውልቃ፣ ልጇን በአንድ ክንዷ ይዛ… በሩ ደግሞ ይንኳኳል። እንዴት ታምር እንደነበር ግን ፎቶው ይመሰክራል።

ለልጅ ደግሞ ከፊት ዚፕ ያለው ነገር። ቁልፍ የበዛበት ልብስ የሰፋ ሰው ሕፃን አሳድጎ አያውቅም። ከዳለስ ስትነሱ ውጪው ያቃጥላል፣ አውሮፕላኑ ይበርዳል፣ አዲስ አበባ ነሐሴ ላይ ዝናብ ነው። ስለዚህ ስስ ስሱን ደራርቡለት። አንድ ወፍራም ጃኬት ከሚለብስ ሦስት ስስ ልብስ ይሻለዋል፤ ሲሞቀው አንዱን ታወልቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ነጠላ።

በሁለተኛው ጉዞ ከቤት ስወጣ እንዲሁ አንገቴ ላይ ጠምጥሜው ነው የወጣሁት፣ እንደ ሻርፕ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፣ ቦርሳ አይችለውም። ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፤ ተጠቅልሎ እጅ ውስጥ ይገባል። ሲበርደው አለበስኩት። ሳጠባው ተከለልኩበት። መብራት ሲረብሸው ዓይኑን ጋረድኩለት። ሲነቃ ደግሞ መጫወቻ ሆነ። ነጠላውን ራሳችን ላይ ጣል አድርጌ «ኩኩሉ» አልኩት። ከኋላችን ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት፣ በፍጹም የማላውቃቸው፣ «አልነጋም» ብለው መለሱልኝ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ጨለማ ነበር፣ እውነትም አልነጋም። ልጄ ከነጠላው ሥር ወጥቶ ድምፁን ፈለገ። ከዚያ አንድ ግማሽ ሰዓት ያህል ኩኩሉ ተባባልን። ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል።

ልክ ስናርፍ ነጠላው ሙዝ በሙዝ ሆኗል። ወተትም አለበት። ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩትና በቱታዬ ወጣሁ። ተመችቶኛል፣ እግሬ አላበጠም፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ተኝቻለሁ። «አሁን ማን ምን ያመጣል?» እያልኩ ነው የምገፋው ጋሪውን።

እናቴ ውጪ ቆማለች። ልጁን አቀፈችው፣ ሳመችው፣ አለቀሰች። ቀና ብላ አየችኝ። ከራሴ እስከ ስኒከሬ አየችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣

«ምነው ልጄ፣ አሞሽ ነበር?» አለችኝ።

እኔ «እማዬ፣ እንዲህ ነው የሚለበሰው አሁን» ማለት ጀመርኩ። አልሰማችኝም። የራሷን ነጠላ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን፣ ከትከሻዋ አወረደችና ቱታዬ ላይ ደረበችልኝ። ጥለቱን አስተካከለች። ቲሸርቴ እንዳይታይ ጫፉን ሳብ አደረገችው።

«ፎቶ አለ» አለችኝ።

ያ ፎቶ አሁን ሳሎኗ ተሰቅሏል። ከወገብ በላይ ነው የተነሳነው።

…ነቃ። ነቃ መሰለኝ። ቻው ቻው።