በደብረ ማርቆስ ከተማ የአርበኞች የድል ቀን መታሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የከተማችን ነዋሪዎች፣

እንኳን ለአርበኞች የድል ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የጠላት የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ። አገር ሁሉ የሚያከብረው ይህን ዕለት ነው። የደብረ ማርቆስ ሰው ግን መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.ንም አብሮ ማንሳት ይገባዋል። ጥር 12 ቀን በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ንጉሠ ነገሥት በበላያ ተራራ በኩል አቋርጠው፣ ቡሬና ደምበጫ ከጠላት ከተለቀቁ በኋላ፣ ወደዚህች ከተማ የገቡት ያን ዕለት ነበርና።

ያን መንገድ የከፈተው የመጨረሻው ዘመቻ ብቻ አልነበረም። የጎጃም ገበሬ መሣሪያህን አስረክብ ሲባል እንቢ ብሎ ዱር ከገባ ዓመታት አልፈው ነበር። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና ሌሎችም በያሉበት ጠላትን ከምሽጉ እንዳይርቅ ስላስጨነቁት ነው፣ ከሱዳን የተነሣው አነስተኛ ጦር በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ሠራዊት ሊያስለቅቅ የቻለው።

እነዚህን ስሞች በየዓመቱ እንጠራለን፤ ልንጠራቸውም ይገባል። የሚያሳዝነኝ ከእነርሱ ኋላ ሳይጠሩ የሚቀሩት ናቸው። ሌሊት ፈጭታ፣ ጋግራ፣ ስንቁን በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለቱን የወረደች እናት፣ ከጠላት ሠፈር ጥይትና ወሬ እያወጣ ለዱር ያቀበለ የውስጥ አርበኛ፣ አርበኛ አሳደርህ ተብሎ ቤቱ ከነእህሉ የተቃጠለበት ገበሬ፣ ቁስለኛ ደብቀው ያስታመሙ ካህናት በየትኛው ሐውልት ላይ ተጽፈዋል? አርበኛው ደመወዝ አልነበረውም፣ ቀለብ የሚሰፍርለት መንግሥትም አልነበረውም፤ አምስት ዓመት ያቆመው የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

በሐቅ እናስብ ካልንም፣ ያ ዘመን በዚህችው ከተማ ወንድምን ከወንድም የለየ እንደነበር መሸሸግ የለብንም። ለጠላት ያደረ ነበር፤ አድሮም በስውር አርበኛውን የረዳ ነበር። አያቱ ከየትኛው ወገን እንደቆመ የሚያውቅ ቤተሰብ ያፍር ዘንድ ሳይሆን፣ ታሪኩ ጎዶሎ እንዳይሆን ይናገር ዘንድ እለምናለሁ።

ዘመኑን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች እያለፉብን ነው። ስለዚህ ከጸሎተ ፍትሐቱ በኋላ በዚሁ ስፍራ መዝገብ ይከፈታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሟቹን ስም እስከ አያቱ፣ የክርስትና ወይም የእስልምና መጠሪያውን፣ አጥቢያውን፣ የዋለበትን ግንባርና የወደቀበትን ስፍራ ያስመዝግብ። ሴቶቹን በባላቸው ስም ሳይሆን በገዛ ስማቸው አስመዝግቡ። የሚመጣው ዓመት ሰልፍ ሲደረግ፣ ጉንጉን አበባው ከመቀመጡ በፊት ስሞቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ ሰዓቱ ቢረዝምም ቆመን እንሰማለን።