የሞተው ሌላ፣ ገዳዩ ሌላ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ማውራት የምፈልገው ለአንድ ወር ያህል ከጠረጴዛዬ ስላልተነሳ፣ ከእንቅልፌም ስላባነነኝ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው 12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት መቀየሪያ ነው። ውስጡ ያለው ሞስፌት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ሲበራ ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በኢንዳክተሩ በኩል ያልፋል፤ ኢንዳክተሩም በቀለበት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነውና ጉልበቱን በመግነጢስ መልክ ያጠራቅማል። ሞስፌቱ ሲጠፋ ኢንዳክተሩ ያጠራቀመውን በዳዮዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ክፍል፣ በኩል እያዞረ ለጭነቱ፣ ኤሌክትሪኩን ለሚጠቀመው መሣሪያ፣ ያቀብላል። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ይኸው ነው።

በግማሽ አምፔር ስሞክረው እንከን አልነበረውም። 5 ቮልት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የሚሞቅ ነገር የለም፣ ድምፅ የለም። በዚያ ምሽት ሥራዬን እንደ ጨረስኩ ቆጥሬ ተኛሁ። በማግስቱ 2 አምፔር እንዲስብ 2.5 ኦም ሪዚስተር፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት የሚቀይር የመሞከሪያ ጭነት፣ አገናኘሁበት። ቮልቴጁ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ ሪዚስተሩ ጢስ ማውጣት ጀመረ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሚጨሰውን ሪዚስተር ነበር። እሱ ግን ምንም አላጠፋም። ሞስፌት ሲሞት ብዙ ጊዜ እንደ በራ ነው የሚቀረው፤ 12 ቮልቱ ሳይቀነስ በቀጥታ ወደ ጭነቱ ይሄዳል። 10 ዋት እንዲያቃጥል ያሰብኩት ሪዚስተር 58 ዋት ገደማ ወረደበት። ይህን መቀየሪያ የምትሠሩ ካላችሁ አደራ፣ በሪዚስተር ሳትፈትኑት የምትወዱትን መሣሪያ አታገናኙበት።

ሞስፌቱን ቀየርኩ፤ ሞተ። ማቀዝቀዣ ብረት አሠርኩለት፤ ትንሽ ቆይቶ ሞተ። ምናልባት ጌቱ፣ ሞስፌቱን የሚያዘው እግሩ፣ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ አንሶ በግማሽ እየበራ ይሆናል ብዬ ለካሁ፤ 10 ቮልት ነው፣ በቂ ነው። ዳዮዱን ሾትኪ በሚባለው ፈጣን ዳዮድ ተካሁ። ሽቦዎቹን አሳጠርኩ፤ በእንዲህ ያለ ፍጥነት ረጅም ሽቦ ራሱ የቮልቴጅ ጡጫ ይፈጥራልና። እነዚህ ሁሉ መደረግ የነበረባቸው ነገሮች ናቸው። አራተኛው ሞስፌትም ግን ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ይህንን ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ጣቴ የሚሄደው ወደሚሞቀው ነበር። ኢንዳክተሩን ስነካው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ መዳቡ ያብረቀርቃል፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ስለዚህ አንድም ቀን አልጠረጠርኩትም። ደግሞም እኮራበት ነበር! ከአሮጌ የኃይል ማጣሪያ ላይ በፈታሁት አረንጓዴ ቀለበት ላይ 4 ዙር ብቻ ጠምጥሜ የምፈልገውን 50 ማይክሮሄንሪ አግኝቻለሁ፤ ሄንሪ የኢንዳክተር አቅም መለኪያ ነው። ለካ ፍንጩ እዚያው ኩራቴ ውስጥ ነበር።

በመጨረሻ ከኢንዳክተሩ ጋር በተከታታይ 0.1 ኦም ሪዚስተር በየድኩና ከረንቱን በኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክን መለዋወጥ በመስመር በሚስል መሣሪያ፣ ተመለከትኩ። የኦሲሎስኮፑን የመሬት (ግራውንድ) ሽቦ በጣም አሳጥሬ ነው የያዝኩት፤ ረጅም ከሆነ የሌለ ንዝረት ያሳያል። በግማሽ አምፔር ከረንቱ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ጭነቱን ቀስ በቀስ ጨመርኩ። 0.6፣ 0.7፣ 0.8 አምፔር። የመስመሩ ጫፍ ወደ ላይ መቀልበስ ጀመረ። አንድ እርምጃ ብጨምር ጫፉ እንደ መርፌ ተወነጨፈ። እጄን ከማብሪያው ላይ አነሳሁና ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ቀለበት መግነጢስን እጅግ በቀላሉ የሚቀበል፣ ፌራይት የሚባል ሴራሚክ ነው፤ በጥቂት ዙር ብዙ ሄንሪ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ግን በቀላሉ የሚቀበል ቶሎ ይሞላል። የእኔው አንድ አምፔር ሳይደርስ ሞላ። ከሞላ በኋላ ኢንዳክተር መሆኑ ያበቃና ተራ ሽቦ ይሆናል፤ ከረንቱን የሚያዘገየው ነገር የለም። በዚህ ላይ መቆጣጠሪያዬ ቮልቴጁ ሲወርድ ሞስፌቱን ለረጅም ጊዜ እንዲበራ ያዛል፤ የከረንት ገደብም አላበጀሁለትም። ሞስፌቱ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱ ግን ምልክት ሳይታይበት ቀዝቅዞ ይቀመጣል።

የሄንሪ መለኪያዬም አልዋሸኝም። እሱ የሚለካው እዚህ ግባ በማይባል ከረንት ነው፤ 50 ማይክሮሄንሪ አለኝ እንጂ 2 አምፔር ላይም ይኖራል አላለኝም። ያንን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አልጠየቅሁም።

አሁን ከአሮጌ የኮምፒውተር የኃይል ሳጥን ባወጣሁት፣ ከብረት ዱቄት በተሠራ ቢጫና ነጭ ቀለበት ላይ 23 ዙር ጠምጥሜያለሁ። የብረቱ ቅንጣቶች መካከል ያለው ጥቃቅን ክፍተት ቶሎ እንዳይሞላ ያደርገዋል። መለኪያው ላይ ቁጥሩ ያው 50 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ነው። መስመሩ ግን በ2 አምፔርም ቀጥ ያለ ነው። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ ቀለበቱ ለብ አለ፣ ዳዮዱ ደህና አድርጎ ሞቀ፣ ፉጨት የለም። 3 አምፔር ከመሞከሬ በፊት ለዳዮዱ ማቀዝቀዣ እሠራለታለሁ። የከረንት ገደቡንም እጨምራለሁ።

አረንጓዴውን ቀለበት አልጣልኩትም። ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ጠምጥሜበት በመግቢያው በኩል፣ ከባትሪው ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ። እዚያ የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት መግነጢሳቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል፤ ስለዚህ አይሞላም። ሲሠራም የተሠራው ለዚህ ነበር።