አጃ ለሴሊያክ ታማሚ ይሆናል?

(ምስል፦ ነጭ ሳህን ላይ የተበተነ አጃ። ካሜራው ቀስ እያለ ይጠጋል።)

ይህን አጃ ደህና አድርጋችሁ እዩት። መሃሉ ላይ አንዲት የስንዴ ፍሬ አለች። አገኛችኋት? ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ላለበት ሰው ጣጣው ያለው እሷ ላይ ነው።

አጃን በተመለከተ አንዱ "ብላ፣ ግሉተን የለውም" ይላል። ሌላው "እንዳትነካው" ይላል። በዚህ መሃል ታማሚው ግራ ይጋባል፤ አይፈረድበትም።

ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን የሚባለውን ፕሮቲን ሲበላ፣ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀት ይጎዳል። ይህ ግሉተን ያለው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ነው። የአጃው ፕሮቲን ሌላ ነው፤ አቬኒን ይባላል። አብዛኛው ታማሚ አቬኒንን ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የፊንላንድ ጥናት አጃ የበሉትን ካልበሉት ጋር አነጻጽሮ፣ አንጀታቸው ላይ ልዩነት አላገኘም።

ታዲያ ምን ያስፈራል? አብሮት የሚመጣው። አጃ ዘንድሮ የሚዘራው አምና ስንዴ በነበረበት ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል። ማጨጃው፣ መኪናው፣ ወፍጮውም ያው ነው።

(ምስል፦ የስንዴዋ ፍሬ በጣት ጫፍ ላይ።)

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በብዙ አገሮች አንድ ምግብ "ከግሉተን ነጻ" እንዲባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ለቁርስ በምትበሉት 50 ግራም አጃ ሲሰላ 1 ሚሊግራም ይመጣል። ይቺ ፍሬ ብቻዋን ወደ 3 ሚሊግራም ገደማ ትይዛለች። አንዲት ፍሬ!

"ለቅሜ እበላዋለኋ" የሚል ይኖራል። የተዳመጠ አጃ ከሆነ ስንዴውም አብሮ ተዳምጧል፤ አይለይም። ማብሰልም ግሉተንን አያጠፋውም። ማሸጊያው ላይ "100% አጃ" ወይም "ንጹህ አጃ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን አያስተማምንም። የሚፈለገው "ከግሉተን ነጻ" የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ጥቂት ታማሚዎችን አቬኒኑ ራሱ ይጎዳቸዋል፤ አጃው የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አጃ ላይ "ከግሉተን ነጻ" ብሎ መጻፍን በሕግ የከለከሉት ያለ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በሽታው እንደታወቀ ወደ አጃ አትሩጡ። መጀመሪያ ሕመሙ ይብረድ፣ የደም ምርመራው ይስተካከል። ከዚያ ሐኪማችሁን አማክራችሁ በጥቂቱ ጀምሩ። ሆድ ሊነፋችሁ ይችላል፤ አጃ አሰር ስለሚበዛው መጀመሪያ ላይ ያጋጥማል። ተቅማጥ ወይም ቁርጠት ከቀጠለ ግን አቁሙት።

ምንም ሳያማችሁም አንጀት ሊጎዳ ስለሚችል ስሜታችሁን ብቻ አትመኑ። አጃ የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉት። ከጥቂት ወራት በኋላ የደም ምርመራው ሲደገም፣ ያንን ቀን ለሐኪማችሁ ንገሩ።